ባለቃታው ዓሣ በአትላንታ ሳሎን፦ የባሕር እንስሳን በቤት ማኖር ምን ይጠይቃል?

አትላንታ ባሕር የላትም። ከጆርጂያ ዋና ከተማ ተነሥቶ በሳቫና በኩል የአትላንቲክን ውቅያኖስ ለማየት 400 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መጓዝ ያስፈልጋል። ይሁንና በዓለም ካሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳት ማሳያዎች አንዱ የሚገኘው በዚችው ከተማ እምብርት ነው። ጆርጂያ አኳሪየም የሚባለው ይህ ተቋም ለሕዝብ የተከፈተው ኖቬምበር 23 ቀን 2005 እ.አ.አ. ሲሆን፣ በዋነኛነት የተገነባው የሆም ዲፖ ኩባንያ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት በርኒ ማርከስ በለገሱት 250 ሚሊዮን ዶላር ነው። ትልቁ ገንዳው ከ6 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ከ23 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። በውስጡም ከዓሣ ሁሉ ግዙፍ የሆነው ዌል ሻርክ ይዋኛል።

ይህ ሁሉ ውሃ ከውቅያኖስ ተጭኖ የመጣ አይደለም። የከተማው ውሃ ተጣርቶ፣ ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ የባሕር ጨው ተጨምሮበት የተሠራ ነው። በክላርክስተን፣ በዲኬተር፣ በተከር ወይም በሌላ የአትላንታ አካባቢ በሚኖር ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ የባሕር ዓሣ ገንዳም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው፤ መጠን ደግሞ በባሕር ዓሣ አያያዝ ውስጥ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ለቤት ገንዳ ከሚመረጡት የባሕር ዓሦች መካከል በመልኩም በጠባዩም ልዩ የሆነው በእንግሊዝኛ ትሪገርፊሽ የሚባለው ነው። ሥዕል የመሰለ ቀለም አለው። የሚመግበውን ሰው ለይቶ ያውቃል፤ ወደ መስታወቱ ቀርቦም ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ሰዎች እንዲወዱት የሚያደርጉት ንቃቱ፣ ድፍረቱና ጥርሱ አያያዙን የሚያከብዱትም እነርሱው ናቸው። ጣት የምታህል ሆና የተገዛች ዓሣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሰው ክንድ ልታህል ትችላለች። በአግባቡ ከተያዘችም ከ10 ዓመት በላይ ትኖራለች። ስለዚህ ጉዳዩ ዓሣው ከመገዛቱ በፊት በደንብ ሊታሰብበት ይገባል።

ስሙን ያገኘው ከምን ነው?

ትሪገር በእንግሊዝኛ የጠመንጃ ቃታ ወይም ምላጭ ማለት ነው። ዓሣው በጀርባው ላይ ጠንካራ እሾህ አለው። አደጋ ሲያይ ወይም ለመተኛት ሲፈልግ ወደ ድንጋይ ስንጥቅ ይገባና ይህን እሾህ ያቆመዋል። ከኋላው ያለው አነስተኛው ሁለተኛ እሾህ የመጀመሪያውን ደግፎ ይቆልፈዋል። ከዚያ በኋላ ትልቁን እሾህ በኃይል ገፍቶ ማጠፍ አይቻልም። ቁልፉ የሚፈታው ትንሹ እሾህ ወደ ታች ሲጫን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ዓሣው በአማርኛ ባለቃታ ዓሣ ቢባል ስሙ ጠባዩን ይገልጻል።

ይህ አሠራር ለቤት አሳዳጊው ሁለት ተግባራዊ ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ስንጥቅ ውስጥ የተቆለፈን ዓሣ ጎትቶ ለማውጣት መሞከር ሊያቆስለው ይችላል፤ የሚሻለው ድንጋዩን በጥንቃቄ አንሥቶ ዓሣው በራሱ እንዲወጣ መጠበቅ ነው። ሁለተኛ፣ እሾሁ በመረብ ስለሚጠላለፍ ዓሣውን ከቦታ ወደ ቦታ ለማዘዋወር ከመረብ ይልቅ ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ መጠቀም ይመረጣል።

የባለቃታ ዓሦች ቤተሰብ 40 ያህል ዝርያዎችን ያቅፋል። አብዛኞቹ የሚኖሩት በሞቃታማ ባሕሮች፣ በተለይም በኮራል ድንጋዮች አካባቢ ነው። አፋቸው ትንሽ ቢሆንም መንጋጋቸው ብርቱ፣ የፊት ጥርሳቸውም ስለታም ነው። የሸርጣንን ቅርፊት፣ የቀንድ አውጣን ሽፋንና በእሾህ የተከበበውን የባሕር ጃርት ሳይቀር ሰብረው ይበላሉ። ዓይኖቻቸው ከአፋቸው ርቀው ወደ ላይ የተቀመጡ በመሆናቸው የባሕር ጃርቱን ሲያጠቁ ከእሾሁ ይድናሉ። አንዳንዶቹ ከአፋቸው ውሃ በኃይል እየረጩ አሸዋውን ይገልጡና የተሸሸገውን ምግብ ያወጣሉ።

ዋልያን የሰየመው ሰውና የቀይ ባሕሩ ዓሣ

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር በር ባይኖራትም፣ የእነዚህ ዓሦች ታሪክ ከአካባቢው የራቀ አይደለም። ቀይ ባሕር የበርካታ ባለቃታ ዓሦች መኖሪያ ነው። ከእነርሱም አንዱ በቀይ ባሕርና በዓረብ ልሳነ ምድር ዙሪያ ባሉ ባሕሮች ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ በዓሣ መሸጫ መደብሮች የቀይ ባሕር ፒካሶ በሚል ስም ይታወቃል። ይህን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፒተር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል ለዴንማርክ ንጉሥ በተደረገ የጥናት ጉዞ ላይ ሳለ በ1763 እ.አ.አ. የመን ውስጥ ሞተ። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1775 ነው።

ሌላው ዝርያ ጥርሱ ቀይ የሆነው፣ ገበያ ላይ ኒጀር ትሪገር የሚባለው ዓሣ ነው። ኒጀር የሚለው ቃል የአገር ስም ሳይሆን በላቲን ጥቁር ማለት ነው። ይህን ዓሣ በ1836 እ.አ.አ. የገለጸው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነበር። ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ሰሜን ተራሮችና እስከ ጎንደር የዘለቀ ተጓዥ ሲሆን፣ የዋልያ፣ የጭላዳ ዝንጀሮና የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስሞችም የተሰጡት በእርሱ ነው። የሰሜን ተራሮችን ብርቅዬ እንስሳትና በአትላንታ መደብር መስታወት ውስጥ የሚዋኘውን ዓሣ በሳይንስ መዝገብ ላይ ያሰፈረው አንድ ሰው ነው ማለት ነው።

የትኛው ዝርያ ለቤት ይሆናል?

ሁሉም ባለቃታ ዓሣ ለቤት ገንዳ አይመችም። ቲታን የሚባለው ዝርያ እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። እንቁላሉን በሚጠብቅበት ጊዜ ጠላቂ ዋናተኞችን ሳይቀር አሳድዶ ይነክሳል። የአትላንቲኩ ኩዊን ትሪገር 60 ሴንቲ ሜትር፣ በነጭ ነጠብጣቦቹ የሚደነቀው ክላውን ትሪገር ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። አንዱሌት የሚባለው ብርቱካናማ መስመር ያለው ዝርያ በመጠኑ ከእነዚህ ያንሳል፤ ሆኖም በጠበኝነቱ የታወቀ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለብቻው መኖር አለበት። እነዚህን ዝርያዎች በተራ የሳሎን ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ ለዓሣውም ለባለቤቱም ፈተና ነው።

ለመካከለኛ ገንዳ የሚቀርቡት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ የሚቆሙት የፒካሶ ዝርያዎች ናቸው። የእነርሱ የቅርብ ዘመድ ሁሙሁሙኑኩኑኩአፑአአ በሚል ረጅም ስም የሚጠራው የሐዋይ ግዛት ይፋዊ ዓሣ ነው። ፒካሶዎች ጠንካራና በቀላሉ የሚለምዱ ቢሆኑም፣ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ካዩ አይምሩም። ከሁሉ የሚረጋጉት ብሉጆ እና ክሮስሃች በሚል ስም የሚሸጡት ናቸው። በባሕር ውስጥ የሚመገቡት በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸውን ነገሮች በመሆኑ ኮራል ባለበት ገንዳ ውስጥም በአብዛኛው ጉዳት ሳያደርሱ ይኖራሉ። ለጀማሪ ቤተሰብ የሚመከሩትም እነዚሁ ናቸው።

ለገበያ የሚቀርቡት ባለቃታ ዓሦች አብዛኞቹ ከባሕር የተጠመዱ እንጂ በእርባታ የተገኙ አይደሉም። በአንዳንድ የእስያ ባሕሮች ዓሣን በሳያናይድ መርዝ አደንዝዞ የመያዝ ድርጊት ለረጅም ጊዜ ሲፈጸም ቆይቷል። በዚህ መንገድ የተያዘ ዓሣ ላይ ላዩን ጤነኛ መስሎ ከሳምንታት በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ገዢው ዓሣው ከየት እንደመጣና በመደብሩ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየ መጠየቅ አለበት። ዓሣው ምግብ ሲበላ እንዲያሳዩት መጠየቅም ነውር የለውም፤ ደህና ሻጭ ይህን አይከለክልም። ሆዱ የጎደጎደ፣ ዓይኑ የደፈረሰ ወይም ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ዓሣ መልኩ ቢያምርም መተው ይሻላል።

ገንዳውና ውሃው

ለፒካሶም ሆነ ለብሉጆ የሚመከረው ገንዳ ወደ 125 ጋሎን ወይም 470 ሊትር የሚይዝ፣ ርዝመቱም 180 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ነው። ለትልልቆቹ ዝርያዎች ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ያስፈልጋል። 470 ሊትር የባሕር ውሃ ብቻውን ወደ 480 ኪሎ ግራም ይመዝናል። መስታወቱ፣ ድንጋዩና መቆሚያው ሲጨመሩበት ከግማሽ ቶን በላይ ይሆናል። በአፓርታማ የሚኖር፣ በተለይም ቤቱ ፎቅ ላይ የሆነ ቤተሰብ ወለሉ ይህን ሸክም መቻሉን ማረጋገጥና የኪራይ ውሉ ገንዳ መፍቀዱን አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል።

የአትላንታ የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ከቻታሁቺ ወንዝ ነው። ለሰው መጠጥ እንዲሆን ተብሎ የሚጨመርበት ክሎሪንን የመሰለ ኬሚካል የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። ስለዚህ ውሃው በሪቨርስ ኦዝሞሲስ ማጣሪያ ማለፍ ወይም ቢያንስ ክሎሪን በሚያስወግድ መድኃኒት መታከም አለበት። ከዚያም በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው ይጨመርበታል። የገበታ ጨው ይህን ሊተካ አይችልም፤ የባሕር ጨው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሌሎችም ማዕድናት አሉት። የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሽየስ ቢሆን ይመረጣል።

ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። በመሆኑም በትነት የጎደለው የሚተካው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ በዚህ ይሳሳታሉ፤ የጎደለውን በጨዋማ ውሃ እየሞሉ ጨውን ከሳምንት ሳምንት ያከማቹታል።

አዲስ ገንዳ በተሞላበት ቀን ለዓሣ ዝግጁ አይደለም። የዓሣ ዓይነ ምድርና የተረፈ ምግብ ሲበሰብሱ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ አነስ ወዳለው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበቁ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በመመርመሪያ ሲለካ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ካልሆኑ ዓሣ ማስገባት አይገባም። ከዚያ በኋላ የሚጠራቀመው ናይትሬት የሚቀነሰው በየሁለት ሳምንቱ ከውሃው ከ10 እስከ 20 በመቶውን በመለወጥ ነው። ባለቃታ ዓሣ ብዙ በልቶ ብዙ ስለሚያቆሽሽ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመር የተባለው መሣሪያም ያስፈልገዋል።

የመጠን ጉዳይ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። በሚሊዮን ሊትር በሚቆጠር ገንዳ ውስጥ የበሰበሰ አንድ ቁራጭ ምግብ አይታወቅም፤ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ግን በአንድ ሌሊት ውሃውን ሊመርዘው ይችላል።

ምግቡ፦ ጠንካራ፣ የተለያየና የተመጠነ

ባለቃታ ዓሣ በባሕር ውስጥ ቀኑን የሚያሳልፈው ምግቡን ሲፈልግ፣ ሲቆፍርና ሲሰብር ነው። በቤት ገንዳ ውስጥ ግን ምግብ ከላይ ይወርድለታል። አብዛኛው የአመጋገብ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ሲሆን በሦስት ሊከፈል ይችላል፦ ምግቡ ለስላሳ ብቻ መሆኑ፣ አንድ ዓይነት መሆኑና መብዛቱ።

መጀመሪያ ጥንካሬውን እንመልከት። ለመስበር የተሠራ መንጋጋ የሚሰብረው ነገር ያስፈልገዋል። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች በሳምንት ጥቂት ቀን ከነልጣጩ የሆነ ሽሪምፕ፣ በግማሽ ቅርፊቱ ላይ ያለ ክላም ወይም ትንሽ ሸርጣን እንዲሰጠው ይመክራሉ። ይህ ጥርሱን ይሞርድለታል፣ አእምሮውንም ሥራ ያስይዘዋል። ሥራ ያጣ ባለቃታ ዓሣ ድንጋዮቹን ከቦታቸው ያነሣል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይነክሳል፣ ማሞቂያውን ይሰብራል። ስለሆነም ማሞቂያው መከላከያ ሽፋን ሊኖረው፣ ድንጋዮቹም እንዳይናዱ ሆነው መደርደር አለባቸው።

ሁለተኛው ልዩ ልዩነቱ ነው። በየቀኑ ሽሪምፕ ብቻ ወይም በየቀኑ ክላም ብቻ የሚበላ ዓሣ ሆዱ ቢሞላም ሊጎዳ ይችላል። ከባሕርም ሆነ ከወንዝ ከሚገኙ ጥሬ ምግቦች አንዳንዶቹ ቲያሚኔዝ የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ይህም ቲያሚን የተባለውን ቫይታሚን ቢ1 ያጠፋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይህን ንጥረ ነገር አያስወግደውም። መፍትሔው ሽሪምፕ፣ ክላም፣ ስኩዊድ፣ የባሕር ዓሣ ሥጋ፣ ለባሕር ዓሣ የተዘጋጀ እንክብል ምግብና ኖሪ የሚባለውን የደረቀ የባሕር አልጌ እያፈራረቁ መስጠት፣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜም ቫይታሚን ማንጠብጠብ ነው። ኖሪው ጨውም ቅመምም ያልገባበት መሆን አለበት።

ብዙ ሰዎች ለመዝናናት ሲሉ ሕያው ወርቃማ ዓሣ ገዝተው ለባለቃታው ይጥሉለታል። ይህ የሚመከር አይደለም። ወርቃማው ዓሣ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ስለሆነ ቅባቱ ለባሕር ዓሣ አይስማማም፤ ቲያሚኔዝ አለበት፤ በሽታም ሊያስገባ ይችላል። ከዚህም በላይ ዓሣውን አብሮት የሚኖረውን ሁሉ እንዲያጠቃ ሊያለማምደው ይችላል።

በአትላንታ ይህን ምግብ ማግኘት አይቸግርም። በቡፈርድ ሀይዌይ የተደረደሩት የእስያ ገበያዎችና በዲኬተር አካባቢ የሚገኘው ዩር ዴካልብ ፋርመርስ ማርኬት ብዙ ዓይነት የባሕር ምግብ ይሸጣሉ። የሚመረጠው ያልበሰለ፣ ያልተቀመመና ማቆያ ኬሚካል ያልተጨመረበት ነው። ጨው የተነሰነሰበት፣ በርበሬ ወይም ሎሚ የነካው ምግብ ለዓሣው አይሆንም። በሃይማኖት ሥርዓት ምክንያት ሽሪምፕና ሸርጣን በማይበላባቸው ኢትዮጵያውያን ቤቶች ደግሞ የዓሣው ምግብ የራሱ ክዳን ያለው ዕቃ፣ የራሱ ቢላዋና መክተፊያ ቢኖረው ለቤተሰቡም ሰላም ነው፣ ለንጽሕናም ይበጃል። ከማቀዝቀዣ የወጣው ምግብ በትንሽ ውሃ ውስጥ ከቀለጠ በኋላ ፈሳሹ ተደፍቶ ሥጋው ብቻ ወደ ገንዳው ይገባል።

ሦስተኛው መጠኑ ነው። በማደግ ላይ ያለ ትንሽ ዓሣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይመገባል። ላደገው በቀን አንድ ጊዜ ይበቃዋል። የሚሰጠው ምግብ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ መሆን አለበት፤ የተረፈው ወዲያውኑ ይወጣል። ባለቃታ ዓሣ ሰው ባየ ቁጥር የራበው መስሎ መስታወቱ ላይ ይመላለሳል። ይህን አይቶ ደጋግሞ መመገብ፣ በተለይም ልጆችና እንግዶች ተራ በተራ ሲያጎርሱት፣ ዓሣውን ያወፍረዋል፣ ውሃውንም ያበላሻል። በቤቱ ውስጥ የመመገብ ኃላፊነት ለአንድ ሰው ቢሰጥ ወይም በገንዳው አጠገብ የተመገበበት ሰዓት ቢጻፍ ይህ ችግር ይቃለላል። ጤነኛ ያደገ ዓሣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም።

በእጅ ማጉረስ ፈጽሞ አይመከርም። የባሕር ጃርት የሚሰብር ጥርስ የልጅ ጣት ላይ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም። ምግቡን በረጅም የፕላስቲክ መቆንጠጫ ማቅረብ፣ ገንዳውን ለማጽዳት እጅ ሲገባም ዓሣው የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

አዲስ የገባ ዓሣ ለጥቂት ቀናት ምግብ እምቢ ሊል ይችላል። መብራቱን ቀነስ አድርጎ፣ መሸሸጊያ ሰጥቶ፣ በቅርፊቱ ላይ ያለ ክላም ማስቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ያነሣሣዋል። ከሳምንት በላይ ካልበላ ግን ውሃው መለካት፣ ዓሣውም በሽታ እንዳለበት መመርመር አለበት።

ከማን ጋር ይኑር?

ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕና ሸርጣን ለአብዛኛው ባለቃታ ዓሣ ጎረቤት ሳይሆኑ ምግብ ናቸው። ትንንሽና ቀስ ብለው የሚዋኙ ዓሦችም ክንፋቸው ተነክሶ ያልቃል። አብረውት ሊኖሩ የሚችሉት በመጠን የሚስተካከሉትና ራሳቸውን የሚከላከሉ ዓሦች ናቸው። ቅደም ተከተሉም ልብ ሊባል ይገባል፤ ቀድሞ የገባ ባለቃታ ዓሣ ገንዳውን በሙሉ ርስቴ ነው ስለሚል ሌሎቹ አስቀድመው ገብተው እርሱ መጨረሻ ላይ ቢገባ ጠቡ ይቀንሳል።

ማንኛውም አዲስ ዓሣ ወደ ዋናው ገንዳ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ለ4 ሳምንት በተለየ ገንዳ ይቆያል። ዋነኛው ሥጋት በቆዳ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ለዚህ በሽታ ከሚውሉት መድኃኒቶች አንዱ መዳብ ነው፤ ነገር ግን መጠኑ በመለኪያ ካልተጠበቀ ዓሣውን ራሱን ይጎዳል፣ ኮራልና ቀንድ አውጣንም ይገድላል። ስለዚህ ሕክምናው የሚሰጠው በለይቶ ማቆያው ገንዳ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ

የባሕር ገንዳ ሕይወት በኤሌክትሪክ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፓምፑ ሲቆም ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በማጣሪያው ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም መሞት ይጀምራሉ። ይህ በጆርጂያ የሩቅ ሥጋት አይደለም። በሴፕቴምበር 2024 እ.አ.አ. ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ባለፈ ጊዜ በግዛቲቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ተቋርጦባቸው ነበር። በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ርካሽና ጠቃሚ መሣሪያ ነው። መብራት በጠፋበት ጊዜ ዓሣውን አለመመገብ ይመረጣል፤ የተበላው ምግብ ወደ አሞኒያ ሲለወጥ የሚያጣራው የለምና። በአትላንታ በጋ ማቀዝቀዣ በተበላሸበት ቤት ደግሞ ውሃው ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ ቴርሞሜትሩን መከታተል ያስፈልጋል።

ማኖር ካልተቻለስ?

ሰዎች ቤት ይቀይራሉ፤ ሥራ ይለውጣሉ፤ ዓሣው ከገንዳው በላይ ያድጋል። በዚህ ጊዜ ዓሣውን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር ወስዶ መልቀቅ ርኅራኄ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ጥፋት ነው። የባሕር ዓሣ በቻታሁቺ ውሃ ውስጥ ይሞታል፤ ሰውነቱ ጨው በሌለው ውሃ መኖር አይችልም። ወደ ውቅያኖስ ቢለቀቅ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የሕንድና የፓሲፊክ ውቅያኖሶች ተወላጅ የሆነው ላየንፊሽ እ.አ.አ. በ1985 በፍሎሪዳ ጠረፍ ታየ። ዛሬ በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ በካሪቢያንና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተስፋፍቶ የአገሬውን ትንንሽ ዓሦች እየፈጀ ይገኛል። ሳይንቲስቶች መነሻው ከቤት ገንዳ የተለቀቁ ዓሦች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ።

ሕዝባዊ አኳሪየሞችም ከግለሰብ የሚሰጥን ዓሣ ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። የሚቀሩት አማራጮች ዓሣውን ወደ ተገዛበት መደብር መመለስ ወይም ትልቅ ገንዳ ላለው ሌላ አሳዳጊ መስጠት ናቸው። ብልኅ ገዢ ታዲያ ገና ሳይገዛ ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ዓሣ ሲያድግብኝ መልሳችሁ ትቀበላላችሁ ወይ?

የባለቃታ ዓሣ ዋጋ ከገንዳው፣ ከማጣሪያው፣ ከጨውና ከኤሌክትሪክ ወጪው ጋር ሲነጻጸር ብዙውን ጊዜ ትንሹ ነው። በመሆኑም ሥራው በትክክል ሲሠራ ዓሣው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በቅድሚያ ቦታው ይለካል፣ ገንዳው ይቆማል፣ ውሃው ሳምንታት ይቆያል፣ ለይቶ ማቆያው ይዘጋጃል፣ የተለያየው ምግብም በማቀዝቀዣ ውስጥ ቦታውን ይይዛል። ይህን ሁሉ ለመሸከም ያልተዘጋጀ ቤተሰብም ከዓሦቹ ውበት የግድ አይለይም፤ በአትላንታ መሀል ያለው ትልቁ ገንዳ ለተመልካች ክፍት ነው።